«ባጃጅ ውስጥ ልቤ የቆመ መሰለኝ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከምትልኩልኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ጭንቀት ናቸው። በዚህ እትም ከጎንደርና ከአካባቢዋ የመጡ ሦስት ደብዳቤዎችን መርጫለሁ። እኔም ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ጠያቂዎቼ የሚጠሯቸውን መንገዶች ሁሉ በእግሬ አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያዋን ጠያቂ ጉዳይ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ፤ ራሴም ያለፍኩበት ነውና።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቤቴ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ወረድ ብሎ ነው፤ የሐበሻ ቀሚስ በመስፋት እተዳደራለሁ። ባለፈው ሐምሌ ያለቀ ቀሚስ ለደንበኛ ላደርስ ከፒያሳ ወደ ማራኪ በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። ዝናብ ስለነበር ሾፌሩ ሸራውን ግራና ቀኝ ዘግቶታል፤ ከጎኔ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። በድንገት ልቤ ይደልቅ ጀመር። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከንፈሬ ነዘረኝ፣ ጉሮሮዬ የተዘጋ መሰለኝ። «ወራጅ አለ» ማለት እንኳን አቅቶኝ የሾፌሩን ትከሻ መታሁት። ወርጄ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተዝለፍልፌ ተቀመጥኩ። ሱቋ ውስጥ የነበረች ሴት ውሃ ሰጠችኝ፤ ጥቂት ቆይቶ ተወኝ።

ሐኪም ዘንድ ሄጄ ልቤን በማሽን አዩት። «ምንም የለብሽም፤ አትጨነቂ» ብለው ሸኙኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ላይ አልወጣሁም። ቀጥሎ ታክሲ ተውኩ። ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ገበያ መሄድ አቆምኩ፤ አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከቅጥሩ በር አላልፍም። ክር የምታመጣልኝ የአሥር ዓመት ልጄ ናት። ባለፈው ያመጣችው ክር ከጥለቱ ጋር አልሄድ ብሎ አንድ ሙሉ ቀሚስ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ። አማቴ «የሰው ዓይን ነው» ይላሉ። ጎረቤቴ ለእንቅልፍ የምትውጠውን ኪኒን ሁለት ሦስት ጊዜ ሰጥታኛለች። ቡና እወዳለሁ፤ ጠዋትም ማታም እናፈላለን። ሲስተር፣ የሌላውን ሰው የጥምቀት ቀሚስ እየሰፋሁ እኔ ጥምቀትን ቤቴ ተቀምጬ ልውል ነው?

ልብስ ሰፊዋ፣ ከጎንደር

መልስ

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ አልለቀኝ ያለው የክሩ ነገር ነው። ክር የሚመርጥ ሰው ከሱቁ ወጣ ብሎ፣ ክሩን ከጨርቁ ጋር በፀሐይ ብርሃን አስተያይቶ ነው የሚመርጠው። ይህን የምታውቅ ባለሙያ የአሥር ዓመት ልጅ ልካ እቤት ስትጠብቅ፣ ጭንቀቱ የነጠቃት ባጃጁን ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ሙያሽን እየነካው ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ቀላል አላየውም፤ አንቺም እንደ ድክመት አትቁጠሪው።

«ምንም የለብሽም» መባልሽ አሳዝኖኛል። ልብሽ ጤነኛ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ምንም የለብሽም ማለት ግን ሌላ ነው። አለብሽ። ስም ያለው፣ የሚታወቅና የሚሻል ነገር ነው ያለብሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰው ከጭንቀት ሕመም ጋር ይኖር ነበር፤ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል በብዛቱ የሚስተካከለው የለም። ሐምሌ ላይ ያገኘሽ ደግሞ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት የሚባለው ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ፤ ያወቁት ነገር ያላወቁትን ያህል አያስፈራምና። ሌሊት መንገድ ላይ ጅብ ቢገጥምሽ፣ ከኩላሊትሽ በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደምሽ ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበረታል፣ ደም ወደ እግርና ወደ ክንድ ጡንቻ ይሄዳል። ለመሮጥ ነው። ባጃጁ ውስጥ ጅብ አልነበረም፤ ሸራው ተዘግቶ አየሩ ታፍኗል፣ ምናልባትም ቀሚሱን ለማድረስ ስትይ ሌሊቱን አልተኛሽም፣ ምናልባት ባዶ ሆድሽን ቡና ጠጥተሽ ነበር። ሰውነትሽ ያለ ጠላት የጥሪ ደወሉን ደወለ። እግርሽ አልሮጠም፤ ትንፋሽሽ ግን ሮጠ። ሳንሮጥ ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን ከልክ በላይ ይወጣል፤ ጣት የሚደነዝዘው፣ ከንፈር የሚነዝረው፣ ራስ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። አየር ያጠረሽ በመሰለሽ ሰዓት ያስቸገረሽ የበዛው ትንፋሽ ነበር ማለት ነው። «ራሴን እስታለሁ» ብለሽ ፈርተሽ ይሆናል። ራስን መሳት የሚመጣው በአብዛኛው የደም ግፊት ሲወርድ ነው፤ በፍርሃት ጥቃት ጊዜ ግን ግፊቱ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ማዕበሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል፤ ብትወርጂም ባትወርጂም ይወርዳል።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር አጥብቀሽ ያዢልኝ። እኔ ራሴ ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የእናቴን ተዝካር አውጥቼ ከደባርቅ በአውቶቡስ ስመለስ ነው። ዳባትን እንዳለፍን፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ውጪው ሳይታየኝ፣ አንቺ የጻፍሽው ሁሉ መጣብኝ። ስንት ሕመምተኛ ደግፌ ያስተማርኩት ነገር ከአእምሮዬ ጠፋ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አስቁሜ ወረድኩ፤ ወንድሜ መኪና ለምኖ መጥቶ እስኪወስደኝ ድረስ ለሰዓታት ቆየሁ። እግሬ መሬት የረገጠ ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ያሰረኝ ያ እፎይታ ነው። ሰውነቴ የተማረው «አውቶቡሱ ሊገድላት ነበር፤ መውረዷ አዳናት» የሚል ትምህርት ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ መናኸሪያው በር ላይ ስደርስ ገና ልቤ ባር ባር አለ፤ ተመለስኩ፤ ደግሞ እፎይ አልኩ። ከዚያ ከመናኸሪያው ማዶ ያለውን መንገድ ሁሉ ሸሸሁት። ጭንቀት የሚጠግበው ሽሽትሽን በልቶ ነው፤ ስትመግቢው ደግሞ ያድጋል። አንቺም እንዲሁ ከባጃጅ ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤተ ክርስቲያን በር ነው ያደረሰሽ።

መመለሻዬን ያገኘሁት አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ እንዝርት ከእጃቸው የማይለይ ሴት ነበሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ባዘቶ አቀብላቸዋለሁ። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሹረው ይለቁታል፤ እሱ እየተሽከረከረ ሲንጠለጠል እሳቸው ክሩን በቀስታ ይስቡታል፤ ሲረዝም ይጠቀልሉታል፤ እንደገና ያሾሩታል። እኔ ልሞክር ብዬ ብይዘው በየመካከሉ ይበጠስብኛል። «እጅሽን አላላዪው» አሉኝ። «ጥጡ በራሱ ነው የሚመጣው፤ አንቺ የምታደርጊው መልቀቅ ነው።» አየኋቸው፤ ክሩ በረዘመ ቁጥር ትንፋሻቸው አብሮ ይረዝማል። አየር የሚስቡት እንዝርቱን ሲያሾሩ ነው፤ ክሩን ሲያወጡ ደግሞ ያወጡታል፤ የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ይረዝማል። በሥራ ቆይታዬ ስለ አተነፋፈስ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ገብቶኝ የሠራሁት ግን ያን ቀን ነው።

አንቺ ፈትል የምታውቂ ሰው ስለሆንሽ በዚሁ መንገድ ልንገርሽ። በአፍንጫሽ እስከ አራት እየቆጠርሽ አየር ሳቢ፤ ሆድሽ ይነሣ እንጂ ትከሻሽ አይነሣ። ከዚያ ክር እንደምታወጪ አድርገሽ እስከ ስድስት ወይም እስከ ሰባት እየቆጠርሽ አውጪው። አትግፊው፤ ይውጣ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ጠዋት ማሽኑ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት፣ ማታም ልጆቹ ሲተኙ ተለማመጂው። ጭንቀቱ ሲመጣ ብቻ አትሞክሪው፤ ዋና የሚለማመድ ሰው ጎርፍ ሲመጣ አይደለም የሚጀምረው። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፤ ይህ ትንፋሽ ፍርሃቱን ለመግደያ አይደለም። ፍርሃቱ እያለ እዚያው ለመቆየት ነው የሚረዳሽ።

መቆየት ነው ዋናው ሥራ። ወረቀት አውጪና የምትሸሺያቸውን ቦታዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ጻፊያቸው። እኔ ከደብዳቤሽ ተነሥቼ እንዲህ አሰብኩት፤ አንቺ አስተካክዪው። የመጀመሪያው ሳምንት የሥላሴን ቅጥር በር ማለፍ ነው። ቅዳሴ በማይኖርበት፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ግቢና ከዛፎቹ ሥር ተቀመጪ። ልብሽ ይደልቅ ይሆናል፤ ይደልቅ። ተነሥተሽ የምትወጪው ፍርሃቱ ቢያንስ በግማሽ ከወረደ በኋላ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ሃያ፣ አርባ ቢፈጅ አርባ። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ እዚያው ተመለሽ። ሲሰለችሽ ያን ጊዜ ደረጃውን አልፈሻል ማለት ነው። ቀጥሎ በእግርሽ ፒያሳ ድረስ ሄደሽ ተመለሽ። ቀጥሎ ከሰፈርሽ ልጆች የአንዱን የቆመ ባጃጅ ለምነሽ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ውስጡ ተቀመጪ፤ መጀመሪያ ሸራው ተከፍቶ፣ በሌላ ቀን ተዘግቶ። ይህ ያሳፍረኛል እንዳትዪ። ለሾፌሩ «ከባጃጅ ጋር ልታረቅ ነው» ብትዪው ይገባዋል፤ የጎንደር ልጅ እህቱ ስትቸገር አይቶ ዝም አይልም። ከዚያ አጭር መንገድ፣ ከዚያ እስከ ማራኪ። ቅዳሜ ገበያን ቅዳሜ ከመሄድሽ በፊት ረቡዕ ወይም ሐሙስ ሂጂ፤ ክርሽን ራስሽ መርጠሽ፣ በፀሐይ አይተሽ ግዢ።

መጀመሪያ ላይ ባልሽ አብሮሽ ቢሄድ መልካም ነው፤ እየቆየ ግን አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ይቅር፤ በኋላም ስልኩን ይዞ እቤት ይጠብቅሽ። ሰው ተደግፎ መጀመር ነውር የለበትም። ሁልጊዜ በሰው መደገፍ ግን «ያዳነኝ እሱ ነው» የሚል ሌላ ሽሽት ይሆናል። እኔም አውቶቡስ ላይ የተመለስኩት በወንድሜ ታጅቤ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ነው፤ ደባርቅ ብቻዬን የደረስኩት በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነው።

ስለ ቡናው ልናገር፤ የቡና ጊዜሽን ልወስድብሽ አልፈልግም። ጎረቤት ተሰብስቦ መጨዋወት ለተጨነቀ ሰው መድኃኒት ነው፤ ብቻሽን ከምትቀመጪ ሲኒው ይቅርብሽ እንጂ ሰዎቹ አይቅሩብሽ። ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን ግን ልብ ያፈጥናል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ጭንቀት ያለበት ሰው ይህን «ጀመረኝ» ብሎ ይተረጉመዋል። ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ እንኳን ግማሹ ከሰውነት አይወጣም። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣሽው ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ለመተኛት ስትሞክሪ ግማሹ ከአንቺ ጋር ነው ማለት ነው። ስለዚህ አቦሉን ጠዋት ብቻ፣ ያውም እህል ከቀመስሽ በኋላ ጠጪ። ማታ ሲፈላ በረካውን ጠብቂ፤ ሦስተኛው ስለሆነ ቀጠን ያለ ነው። አሁን የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ ከጾም ስትወጪ መጀመሪያ እህል፣ ከዚያ ቡና ይሁን። ባዶ ሆድ ላይ የሚወርድ አቦል የስንቷን እናት እጅ ሲያንቀጠቅጥ አይቻለሁ።

የጎረቤትሽን ኪኒን ተዪው። ስሙን አልጻፍሽልኝም፤ ለእንቅልፍ ከሚሰጡት ብዙዎቹ ግን ለጊዜው ያረጋጉና ሰውነት ሲለምዳቸው ያለ እነሱ አላድር ያሰኛሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለወሰድሽ ማቆም አያስቸግርሽም። ለወራት በየቀኑ የወሰደ ሌላ አንባቢ ካለ ግን በአንድ ጊዜ እንዳያቋርጥ፣ ሐኪም አማክሮ ቀስ በቀስ ይቀንስ። ለጭንቀት የሚሰጡ፣ ሱስ የማያስይዙ መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱን የሚያዘው ሐኪም ነው።

አማትሽን አትጣያቸው። የሚያውቁትን ነገር በፍቅር እየነገሩሽ ነው። ጠበል ውሰጂኝ ካሉሽ ሂጂ፤ እኔም ሄጃለሁ። እግዚአብሔርን መለመን ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ የሚጣላው «ጠበል ከያዝሽ መድኃኒት ጣዪ» የሚል ሰው ነው፤ እሱን አትስሚው። ለአማትሽ ግን አንድ ሥራ ስጫቸው። «እማዬ፣ ሲጀምረኝ አይዞሽ አትበዪኝ፣ አትሸበሪ፤ እጄን ይዘሽ አብረሽኝ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» በያቸው።

ሐኪም ዘንድም አንዴ ተመለሽ። የታየው ልብሽ ብቻ ነው። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ያስደልቃል፣ ላብ በላብ ያደርጋል፣ ክብደት ያስቀንሳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ከጭንቀት ጋር መንታ እስኪመስል ድረስ። የደም ማነስም እንዲሁ ልብ ያፈጥናል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ዳገት ስትወጪ የሚነሣና ስታርፊ የሚተው፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም ካለሽ ደግሞ ይህን ሁሉ ትተሽ በቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ። በሦስት ወር ውስጥ ካልተሻለሽ፣ ወይም ከዚያ በፊት መኖር ካስጠላሽ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ አንድ ቀን አትዘግዪ። እዚያ ወረፋ ላይ የሚቀመጡት እንዳንቺ ያሉ እናቶች፣ ነጋዴዎችና ተማሪዎች ናቸው።

ጥምቀትን በተመለከተ፣ ይህ መልስ ሲደርስሽ አርባ ቀን ግድም ይቀራል። የፋሲለደስን መዋኛ ውሃ መሙላት ሲጀምሩ፣ ሰው በሌለበት ቀን ሄደሽ ግንቡን አየት አድርጊ፤ ሥሮቹ ድንጋዩን ከጨበጡት ዛፎች ሥር ተቀመጪ። ጥር 10 ቀን ከተራ ነው፤ ሕዝቡ ከበዛበት ሳይሆን ከዳር፣ መውጫው ከሚታይሽ ቦታ ቁመሽ ታቦቶቹ ሲገቡ ተቀበዪ። በ11 አቅም ካለሽ ጠጋ በዪ። ዘንድሮ ከዳሩ ብታልፊ ሙሉ ጥምቀት ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ለራስሽ መቼ ነው የምትሰፊው? ጥለቱን ዛሬ ምረጪ፤ ክሩን ራስሽ ሄደሽ ታመጫለሽ።

ጥያቄ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በኅዳር ፈተና ወረቀቱን ስገለብጥ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ እጄ ላብ በላብ ሆነ። ዋናው ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገብተን መሆኑን ሳስብ ይብስብኛል። ጓደኛዬ ልብ የሚያረጋጋ ኪኒን አገኝልሃለሁ ይለኛል። አንዳንዶቹ ደግሞ ጫት ይዘው ያጠናሉ። አስም አለብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ

ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ልብ ለማረጋጋት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የአየር ቧንቧን ያጠብባል። ጓደኛህ ይህን አያውቅም፤ ክፋት የለበትም፤ አንተ ግን እንዳትነካው። ጫቱም እንዲሁ ነው። ሌሊቱን ያነቃሃል፤ በማግስቱ ልብህን እያስደለቀ፣ እንቅልፍህን ነጥቆ ፈተና ያስገባሃል። ሌሊት የተኛ ሰው ነው ያጠናውን በራሱ ውስጥ የሚያኖረው።

ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እየተሰጠ ስለሆነ የሚያስፈራህ የጥያቄው ክብደት ብቻ አይደለም፤ እንግዳ አልጋ፣ እንግዳ አዳራሽ፣ የማታውቀው ፈታኝ ነው። እንግድነቱን ከአሁኑ አለማምደው። በሳምንት አንድ ቀን የድሮ ፈተና ወስደህ፣ ከቤትህ ውጪ በማታውቀው ቤተ መጻሕፍት ወይም በሌላ ክፍል ውስጥ፣ ሰዓት ይዘህ፣ ስልክ ዘግተህ ሥራ። የምትቸገርበትን ነገር ደጋግመህ ስታገኘው ሰውነትህ ይለምደዋል። አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ነገር ጠፋ ስትል እርሳስህን አስቀምጥ። ሁለት እግርህን መሬት ላይ አሳርፍ። ለልብስ ሰፊዋ የጻፍኩትን ረጅም ትንፋሽ አምስት ጊዜ አውጣ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጥያቄ ሳይሆን ከምታውቀው ጥያቄ ጀምር፤ አንዱ ሲገኝ ሌላውን ይጎትተዋል። የአስምህን መንፊያ (ኢንሄለር) መያዝህን አትርሳ፤ ስለ ሕመምህም ለትምህርት ቤትህ አስቀድመህ አስታውቅ።

ጥያቄ

የተከበሩ ሲስተር፣ ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አዘዞ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ልጄ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ወደ መተማ ይመላለሳል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ እንቅልፍ የለም። ስልኬን አነሣለሁ፣ ስለ መንገድ የተጻፈውን ሁሉ አነባለሁ፤ ይነጋል። ቶሎ እንቅልፍ እንዲወስደኝ አንድ መለኪያ አረቄ መቅመስ ጀምሬያለሁ።

መልስ

ጋሼ፣ ልጁ መንገድ ላይ ያለ አባት ቢጨነቅ አባትነት ነው፤ ይህን ልነቅልልዎ አልችልም፤ አልሞክርምም። ሌሊቱን ግን ማስመለስ እንችላለን።

አረቄው ቶሎ ያስተኛዎታል፤ ከሰውነትዎ ሲወጣ ደግሞ በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ያነቃዎታል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚያነቃዎት አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ይተዉትና ይዩት። ስልኩን ከመኝታ ቤት ያውጡት፤ ልጅዎ ለድንገት ቢደውል እንዲሰማ ሳሎን ውስጥ ድምፁን ከፍተው ያስቀምጡት። ከልጅዎ ጋር ደግሞ የቁርጥ ሰዓት ይያዙ፤ መድረሻው ላይ ሲቆም ይደውላል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሲያልፍ ዝም ማለቱ ክፉ ወሬ እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በመሐል እየደወሉ አይጠይቁት፤ እጁ መሪው ላይ ይሁን።

ነቅተው ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ አልጋው ውስጥ አይገላበጡ። ተነሥተው ጋቢዎን ደርበው ወንበር ላይ ይቀመጡ። ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ያን ጊዜ ይድገሙ፤ እንቅልፉ ሲመጣ ብቻ ወደ አልጋ ይመለሱ። አልጋው የመጨነቂያ ቦታ መሆኑን ይርሳ። ጠዋት በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይነሡ፤ ቀን ላይ አይተኙ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግርዎ ይሂዱ። ጠዋት ጠዋት ሆድ የሚያስብስ ሐዘን፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና መክሳት አብሮት ካለ ግን ይህ ድባቴ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ለሥጋቱ ደግሞ ሰዓት ይስጡት። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ደጅ ወንበር አውጥተው፣ ደብተር ይዘው ለሩብ ሰዓት ይጨነቁ። ስለ ልጅዎ የሚፈሩትን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ፣ እያንዳንዱን በራሱ መስመር ይጻፉት፤ ቀኑንም ያስፍሩ። በእጅዎ ላለው፣ ለምሳሌ ጎማው መታየቱን መጠየቅ ላለው፣ ከጎኑ የሚያደርጉትን ይጻፉ። ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ ደብተሩን ይዝጉ። ሌሊት ሲመጣብዎ «ነገ 11 ሰዓት» ብለው ይመልሱት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እሺ አይልም፤ ደጋግመው ይመልሱት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን አውጥተው፣ እንደ ተማሪ ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ያርሙት። የደረሰውን ሥጋት ራይት ያድርጉበት፣ ያልደረሰውን ይሰርዙት። ውጤቱን ጽፈው ይላኩልኝ።